በግንቡ ላይ የሚያልፈው ሳህን፤ የአንድ ሥዕል የሥራ ማስታወሻ

የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ

ዐቢይ ጾም ዛሬ ገባ። ረመዳንም ጨረቃዋ ከታየች በዚሁ ሳምንት ማብቂያ ይገባል። ሁለቱ ጾሞች እንዲህ ተጠጋግተው የሚውሉበት ዓመት ሁልጊዜ አይገኝምና፣ ለረጅም ጊዜ ሳስበውና መልሼ ስተወው የኖርሁትን ሥዕል ዘንድሮ ለመጀመር ቆርጫለሁ። የምሥለው በእናቴ ግቢና በጎረቤታችን ግቢ መካከል ያለውን አጭር ግንብ፣ በግንቡም ላይ ሲመላለስ እያየሁት ያደግሁትን ሳህን ነው።

ቤታችን ድሬዳዋ፣ በመጋላ በኩል፣ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። አባቴ በምድር ባቡር ሠራተኛነቱ ዘመን ሠርቶ ያወረሰን ቤት ነው። ግንቡ ድሮ ከሰው ቁመት በላይ ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ ሌሊት ሞልቶ ከተማዋን በመታ ጊዜ እርሱም አብሮ ፈረሰ፤ ሁለቱ ቤተሰቦች ተጋግዘው መልሰው ሲገነቡት ድንጋዩ ደረት ላይ ሲደርስ አለቀ። «በኋላ እንጨምርበታለን» ተብሎ የቀረው ግንብ እስከ ዛሬ የጨመረበት ሰው የለም።

የማልፈልገውን አስቀድሜ ልጻፍ። መስቀልና ጨረቃ ጎን ለጎን ቆመው፣ ቄስና ሼህ ተጨባብጠው፣ ከበላያቸው ርግብ የምታንዣብብበትን ሥዕል በየስብሰባ አዳራሹ አይቻለሁ፤ ለእንጀራ ስል እኔም ሁለት ጊዜ ሥያለሁ። በዚያ ሥዕል ውስጥ ማንም አይጾምም፣ ማንም አይርበውም፣ የማንም እጅ ሊጥ አልነካም። እኔ የምፈልገው እናቴን ሊጥ ላይ ተደፍታ፣ ጎረቤታችንንም በግንቡ በላይ ሳህን ሲያቀብሉ ነው።

የካቲት 20 ቀን፣ ሐሙስ

ክፈፉን ሰፈር ያለ አናጺ ከሞራሌ ሠራልኝ፤ ስፋቱ 110፣ ቁመቱ 80 ሴንቲ ሜትር ነው። ማዕዘኖቹ በስኳድራ ልክ ቢመስሉም በገመድ ከጥግ እስከ ጥግ ስለካው አንዱ ሰያፍ ከሌላው በአንድ ጣት በለጠ፤ አስፈትቼ እንደገና አስመታሁት። የእንጨቱ የውስጥ ጠርዝ ተዳፋት እንዲሆን ነግሬው ነበር፤ ረስቶታል። ጠርዙ ቀጥ ካለ ጨርቁ ያርፍበትና ከጊዜ በኋላ በሥዕሉ ላይ አራት መስመር ያወጣል፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሸራውን ከመወጠር ይልቅ እንጨት ስልግ ዋልሁ።

ጨርቁ አቡጀዴ ነው። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው አሚዶ እንዲለቅና አስቀድሞ እንዲሰበሰብ በፈላ ውሃ አጥቤ አደረቅሁት። ከየጎኑ መካከል ጀምሬ ወደ ጥግ እየሄድሁ መታሁት፤ ሲያንኳኩት ከበሮ የሚመስል ድምፅ ይሰጣል። ከዚያ በሁለት እጅ ውሃ የቀጠነ ኮላ በፔኔሎ አለበስሁት፤ ኮላው ከሌለ የቀለሙ ዘይት ጨርቁ ውስጥ ሰርጎ በዓመታት ያበሰብሰዋል።

የካቲት 22 ቀን፣ ቅዳሜ

ረመዳን ገባ። የእኔ ሥራ ግን ወደ ኋላ ሄደ።

ከአዲስ አበባ የሚመጣልኝን የሠዓሊ መደብ (ከቀለሙ በፊት ሸራው ላይ የሚቀባውን ሽፋን) ለመጠበቅ ትዕግሥት አጥቼ፣ ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ ጄሶ በኮላና በነጭ ቀለም ለውሼ ቀብቼው ነበር። ዛሬ ጠዋት ስነሣ የቀኙ ጥግ በበጋ እንደ ደረቀ የደቻቱ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጄሶና ኮላ ሲደርቅ ድርቅ ይላል፣ አይለመጥም፤ ጨርቅ ደግሞ ሙቀትና እርጥበት በተለዋወጠ ቁጥር ይሳባል፣ ይላላል። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ያንን መደብ የቀቡት የማይለመጥ ጣውላ ላይ ነው። ይህን አውቃለሁ፤ ለተማሪም አስተምሬዋለሁ። ሸራውን ገፍፌ ጣልሁትና በሌላ አቡጀዴ እንደገና ጀመርሁ፤ በዚህኛው ላይ የሚለመጠው አክሪሊክ መደብ እስኪደርስ ምንም አልቀባበትም።

የካቲት 25 ቀን፣ ማክሰኞ

ዛሬ ያየሁት ነገር የሥዕሉን ሐሳብ ስለ ለወጠው በዝርዝር እጽፈዋለሁ።

ወደ 11 ሰዓት ገደማ የንድፍ ደብተሬን ይዤ ግንቡ ሥር ተቀመጥሁ። እናቴ በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት እህል ስለማትቀምስ፣ የነገውን ዳቦ የምታቦካው በልታ ትንሽ ካረፈች በኋላ ነው። ከግንቡ ማዶ ጎረቤታችን (ከልጅነቴ ጀምሮ «እትዬ» የምላቸው) ሳምቡሳ ለመጥበስ ዘይት ጥደዋል። ሁለት ሰፌድ ቀርቧል፤ በአንዱ ምስር የተሞላ፣ በሌላው ሥጋ የተሞላ ሳምቡሳ ተደርድሯል። መጀመሪያ የምስሩን ጠበሱ፤ ሲጨርሱ አውጥተው ሳህን ላይ አድርገው በስፌት ክዳን ከደኑትና በግንቡ ላይ ለእናቴ አቀበሉ። ከዚያ በኋላ ነው የሥጋውን ዘይቱ ውስጥ የጨመሩት።

ይህን ሳምቡሳ በረመዳንና በጾም ቀናት ዕድሜዬን ሙሉ በልቻለሁ፤ ለምን የእኛ ቀድሞ እንደሚጠበስ ግን አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዛሬ ጠየቅሁ። እትዬ ከመጥበሻው ቀና ሳይሉ፣ «አቦ ልጄ፣ ይሄም ጥያቄ ሆኖ! ሥጋ ከገባበት በኋላ ዘይቱ ለናንተ ይሆናል እንዴ?» አሉኝ።

እርሳቸው በዚያ ሰዓት እህልና ውሃ ሳይቀምሱ ከዐሥራ ሁለት ሰዓት በላይ ቆይተዋል። የራሳቸው ልጆች የሚያፈጥሩበትን ወደ ኋላ አድርገው፣ የሌላ ሃይማኖት ጾም እንዳይፈርስ የዘይት ተራ ያስይዛሉ። እናቴም በበኩሏ ሳህኑን ባዶ አትመልስም፤ ነገር ግን በእነዚህ ሁሉ ዓመታት በዚያ ሳህን ላይ ሥጋ ከወዲህም ከወዲያም አልፎ አያውቅም። እኛ ያረድነውን እነርሱ አይበሉም፣ እነርሱ ያረዱትን እኛ አንበላም፤ ሁለቱም ወገን ይህን ያውቃል፣ ማንም አይቀየምም፤ የሚያልፈው ዳቦ፣ ቆሎ፣ ተምር፣ ሐልዋ፣ የምስር ሳምቡሳ ነው።

የሠዓሊው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተረት ተናጋሪ «መጀመሪያ ይህ ሆነ፣ ቀጥሎ ያ ሆነ» ይላል፤ እኔ ያለኝ አንድ ሸራና አንድ ቅጽበት ነው። የምስሩ ከሥጋው መቅደሙ በአንድ ቅጽበት ውስጥ እንዴት ይታያል? አሁን ያለኝ መልስ ጭሱ ነው። ሳህኑ ተከድኖ ግንቡ ላይ ደርሷል፤ ከግንቡ ማዶ ግን የዘይቱ ጭስ ገና ይወጣል፣ ከመጥበሻውም ጎን ገና ያልተነካ ሰፌድ ይታያል። የሚያውቅ ሰው ያነበዋል፤ የማያውቅ ጭስ ብቻ ያያል፤ በሁለቱም ቅር አልሰኝም።

የካቲት 29 ቀን፣ ቅዳሜ

መደቡ ደርሶ አራት ጊዜ ቀባሁ፤ አንዱን አግድም፣ ቀጣዩን ቁልቁል፣ በመካከሉ በብርጭቆ ወረቀት እያለሰለስሁ። በድሬ ሙቀት እያንዳንዱ ሽፋን ለመድረቅ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ነጩን ሸራ በቀጭን የአፈር ቀለም አጠፋሁት።

መጋቢት 3 ቀን፣ ረቡዕ

የእናቴን ንድፍ ሸራው ላይ አሳረፍሁ። ከጎን ነው የሣልኋት፤ ጎንበስ ብላ፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ፣ ቀኝ እጇ ሊጡ ላይ። የመረጥሁት ቅጽበት ሊጡን ከመክደኗ በፊት «በስመ አብ» ብላ በጣቶቿ ጫፍ ሊጡን የምታማትብበትን ነው። ይህን ስታደርግ ሰው ቢያናግራት ታቋርጠዋለች ብዬ ስጠብቅ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ታማትባለች፤ ትናንት የሽንኩርት ዋጋ እያማረረች ነበር ያማተበችው።

ከዚህ በፊት እንደ ሞዴል አስቀምጫት ሞክሬ ነበር። ዓይኗን ወደ ላይ ሰቅላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠችልኝ፤ የወጣው ንድፍ እርሷን ሳይሆን የገበያ ካላንደር መሰለ። ስለዚህ አሁን ሳታስተውለኝ እየሠራች ነው የምነድፋት።

የዛሬውን ንድፍ አይታ ዝም አለች። ቆይታ፣ «ምነው ልጄ፣ ባንድ ዓይን ሣልሽኝ? ይሁዳን አስመሰልሽኝ» አለች።

መጀመሪያ ሳቅሁ፤ በኋላ ግን ሳቄን አፈርሁበት። በቤተ ክርስቲያናችን የሥዕል ሥርዓት ቅዱሳን ፊታቸው ወደ ተመልካቹ ዞሮ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ከጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን፣ አይሁድ ጌታን ሲይዙት፣ ይሁዳ፣ ቅዱሳንን የሚያሠቃይ ወታደር ነው። እናቴ ሥዕል ማንበብ የተማረችው ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እንጂ እንደ እኔ ከትምህርት ቤት አይደለም። በእርሷ ንባብ አንድ ዓይን ማለት ክፉ ሰው ማለት ነው። ሠዓሊዋ እኔ ነኝ ብዬ ልከራከራት እችል ነበር፤ ነገር ግን ስለ እምነቷ የሚሣል ሥዕል በእምነቷ ቋንቋ ክፉ ሰው ብሎ ከጠራት፣ የተሳሳተው ሥዕሉ ነው።

ሌሊቱን አንሶላ በሚያህል ወረቀት ላይ ሰባት ጊዜ ነደፍኋት። ጭንቅላቷን ወደ እኛ በጥቂቱ መለስሁት፤ የራቀው ዓይን ከአፍንጫዋ ማዶ ብቅ እስኪል ድረስ። ሁለቱም ዓይኖች ወደ ሊጡ ወርደዋል፤ ሽፋናቸው እንጂ ብሌናቸው አይታይም፤ ቢሆንም ሁለት ናቸው። ጠዋት አሳየኋት። «አሁን ሰው ሆንሁ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

መጋቢት 6 ቀን፣ ቅዳሜ

ዛሬ ደግሞ ተራው የእትዬ ነበር። የሁለቱንም ቤት ሴቶች ፊት ለፊት የማገናኝ መስሎኝ፣ የእርሳቸውን ፊት በግንቡ በላይ ከሳህኑ ጋር ነድፌ ወሰድሁላቸው። ሥዕሉን አመሰገኑ፤ ማፍጠሪያው ገና ስለ ሆነ ሻይ ባለማቅረባቸው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ከዚያ በትሕትና፣ «ፊቴን ግን ተይው ልጄ። የፈጣሪን ሥራ መልክ አውጥቶ ግድግዳ ላይ መስቀል ልቤ አይቀበለውም። ፎቶማ እነሣለሁ፣ ለመታወቂያ ነው፣ ለፓስፖርት ነው። ይሄኛው ሌላ ነው» አሉኝ። ሁሉም ሙስሊም እንዲህ እንደማያስብ አውቃለሁ፤ የገዛ ልጃቸው ሠርጉን በትልቅ ፎቶግራፍ አሠርቶ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሏል። እኔ የምሥለው ግን እርሳቸውን እንጂ ልጃቸውን አይደለም።

እንግዲህ አንዷ «ሁለት ዓይን ካልሆነ» ትላለች፣ ሌላዋ «ምንም ዓይን አይሁን» ይላሉ። ወደ ቤት ስመለስ ተስፋ ቆርጬ ነበር። ማታ ደብተሬን ስገላብጥ ግን ገና በመጀመሪያው ሳምንት የነደፍሁት፣ እጅ ብቻ በግንቡ በላይ ብቅ ያለበት ትንሽ ወረቀት ወደቀልኝ። እኛ ልጆች ከግንቡ ወዲህ ሆነን ያየነው በእርግጥ ይህንኑ ነበር፤ ከእትዬ ቤት ይመጣ የነበረው እጅ ነው፣ ፊታቸው አይታየንም ነበር።

መጋቢት 7 ቀን፣ እሑድ

ፊት የሌለበት ሃይማኖታዊ ሥዕል ሳስብ ስለ ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ማሰብ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደ፣ የዚሁ የእኛው አካባቢ ሰው ነው፤ አባቱ አለቃ ደስታ ነገዎ የብራና መጻሕፍት ጸሐፊና ሠዓሊ ነበሩ። የብራና ሥዕል ከሚሠራበት ቤት የወጣው ልጅ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመለሰና «ጎልጎታ»ን በቀይ አጥለቅልቆ ሣለ። እኔ የእርሱን መንገድ አልከተልም፤ የእናቴን ነጠላ ጥለት ክር በክር መሣል የምወድ ሰው ነኝ። ነገር ግን አባቱ የሣሏቸውን ዓይኖች እያየ ያደገ ሰው ዓይንን ለመተው ድፍረት ማግኘቱ ዛሬ አበረታኝ።

የእጁን ንድፍ ትልቅ አድርጌ ጀመርሁ። እትዬ በጾም ሰዓት ቆመው ሳህን እንዲይዙልኝ መጠየቅ ነውር ስለ ሆነብኝ፣ የዘጠኝ ዓመቷን የእህቴን ልጅ በርጩማ ላይ አቁሜ ሳህን አስያዝኋት። የቆዳውን፣ የደም ሥሩንና የአምባሩን ነገር ከእትዬ እጅ ሰርቄ እያየሁ እጨምራለሁ።

መጋቢት 9 ቀን፣ ማክሰኞ

የታችኛውን ቀለም በአክሪሊክ ጨረስሁ። ዘይት ቀለም በአክሪሊክ ላይ ይቀባል፤ ተገላቢጦሹ አይሆንም፣ ይላላጣል። በአክሪሊክ ብቻ እንዳልጨርሰው የሚያደርገኝ የከተማችን ሙቀት ነው፤ ከ30 ዲግሪ በላይ በሆነ ጥላ ውስጥ ቀለሙ ፓሌት ላይ እያለ ቆዳ ያወጣል፣ ሁለት ቀለም አዋሕጄ ሳልጨርስ አንዱ ይደርቃል። ዘይቱ ይጠብቀኛል። የመጀመሪያውን የዘይት ሽፋን በአኳራጅ አቅጥኜ፣ የኋለኞቹን በተልባ ዘይት እያወፈርሁ እሄዳለሁ፤ ዘይት የበዛበት ሽፋን ከሥር ሆኖ ቀጭኑ ከላይ ከዋለ፣ የላዩ ቀድሞ ይደርቅና የሥሩ ሲንቀሳቀስ ይሰነጠቃል።

መጋቢት 13 ቀን፣ ቅዳሜ

አራት ቀን ሙሉ ነጭ ብቻ።

ነጠላ ነጭ አይደለም። ይህን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ፣ ራሴ ግን በየሥዕሉ እንደ አዲስ እማረዋለሁ። በግቢያችን ከኒሙ ዛፍ ሥር የእናቴ ነጠላ ትከሻዋ ላይ አረንጓዴ የነካካው ግራጫ ነው፤ ወደ ግንቡ የዞረው እጥፋቱ ደግሞ ግንቡ በኖራና በቢጫ ቀለም የተቀባ በመሆኑ የቅቤ ቀለም ይይዛል፤ ከጉልበቷ በታች፣ ከሊጡ ጎን፣ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ንጹሕ ነጭ የምለው ከሸራው ሁሉ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጣቶቿ ሊጡን በነኩበት ዙሪያ የተበተነው ዱቄት። ነጠላውን ሁለት ደረጃ አጨለምሁት፤ ያን ጊዜ ዱቄቱ በራ።

ሊጡም አስቸግሮኛል። ያማተበችበት ቦታ አራት ጉድጓድ ብቻ ነው፤ የሦስት ጣት ጫፍ ጥልቀት የሌለው ምልክት፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሊጡ ሲነፋ የሚጠፋ። ጎልቶ ከተሣለ መስቀል የታተመበት ኅብስት ይመስላል፤ ከደበዘዘ ደግሞ የለም። በመጨረሻ ጥላውን ትቼ፣ ከጉድጓዶቹ በስተግራ ጠርዝ ላይ ብቻ የፀጉር ያህል ብርሃን አሳረፍሁ። በአንድ ክንድ ርቀት ይታያል፣ በሦስት እርምጃ ይጠፋል። እንዲያ ይሁን።

መጋቢት 17 ቀን፣ ረቡዕ

ከሰዓት በኋላ ድንገት ነፋስ ተነሥቶ የደቻቱን አሸዋ በሰፈሩ ላይ ነዛው። ሸራው እርጥብ ነበር። የግንቡ ክፍል በሙሉ አሸዋ ለበሰ። ከግማሹ በላይ በስፓቱላ ገፈፍሁት፤ ከግንቡ ሥር ያለውን ግን ተውሁት፣ በእውነተኛው ግንብ ላይ ያለው ከዚሁ ወንዝ የመጣ አሸዋ ስለ ሆነ ቀለሙ ልክ ነው።

መጋቢት 21 ቀን፣ እሑድ

ዒድ አልፈጥር ነው፤ በእኛም ገብር ኄር። ሥራ የለም። ጠዋት ከቅዳሴ ስንመለስ የእትዬ የልጅ ልጆች አዲስ ልብስ ለብሰው በር ላይ ጠበቁን። ሐልዋ፣ ተምርና ያለ ቅቤና ያለ ወተት፣ በዘይት ብቻ የተጋገረ ብስኩት መጣልን፤ እናቴ ያላትን የጾም ነገር ሁሉ አውጥታ መለሰች። እኛ ገና ሦስት ሳምንት ስለሚቀረን የእትዬ ልጅ፣ «እኛ ወጣን፣ እናንተ ትከርማላችሁ» እያለ ሲቀልድብን ዋለ።

ሚያዝያ 4 ቀን፣ ቅዳሜ

ከሥዕሉ ሁሉ ረጅሙን ጊዜ የወሰደው የስፌት ክዳኑ ነው። እትዬ ከሐረር ጀጎል ውስጥ ሲዳሩ ይዘውት የመጡት ነው፤ በሐረር ቤት የስፌት ዕቃ ግድግዳው ላይ ተደርድሮ የሴትየዋን ሙያ የሚናገር ነገር ነውና፣ በግድየለሽነት ልሥለው አልደፈርሁም። ክዳኑ ከመካከሉ ነጥብ ተነሥቶ እንደ ቀንድ አውጣ እየዞረ የሚሰፋ ነው፤ ወደ ጠርዙ በሄደ ቁጥር ንድፉ ይሰፋል፣ ጎኑ ላይ ሲደርስ ደግሞ በእይታ ይጨመቃል። የመጀመሪያ ሙከራዬ ዙሮቹን እንደ ቀለበት ለየብቻ ዘግቼ ስለ ሣልሁ ላስቲክ ክዳን መሰለ። ክዳኑን ተውሼ ዙሮቹን ቆጠርሁ፤ ሃያ ሦስት ናቸው። አሁን አንድ መስመር ብቻ ነው ያለው፣ ከመካከል ተነሥቶ ሃያ ሦስት ጊዜ የሚዞር። ቀዩ አርጅቶ ወደ ጡብ ቀለም ሄዷል፤ እትዬ «እንደ አዲስ ቀይ አድርጊው» ብለው ለምነውኝ ነበር፤ በዚህኛው ብቻ አልታዘዝኋቸውም።

ሚያዝያ 13 ቀን፣ ሰኞ

ትናንት ትንሣኤ ነበር። ድፎ ዳቦው በኮባ ተጋግሮ ሲወጣ የመጀመሪያው ቁራሽ በዚያው ሳህን ወደ ማዶ አለፈ። ዶሮው ከዚህ ቀረ።

ሚያዝያ 18 ቀን፣ ቅዳሜ

ሥዕሉ አለቀ ብዬ እትዬን ጠራኋቸው። በበሩ ሳይሆን በግንቡ በኩል ነው ያዩት፤ እናቴና እኔ ሸራውን ከፍ አድርገን ያዝንላቸው። ክዳኑን አወቁት፣ አምባራቸውን አወቁት፣ ጭሱን አይተው ሳቁ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ እጅ ግራ ነው» አሉ።

አየሁት። ሳህን በቀኝ እጁ የሚያቀብል ሰው ከፊት ለፊት ሲታይ፣ አውራ ጣቱ በተመልካቹ ግራ በኩል ይውላል፤ የእኔው በቀኝ በኩል ነበር። የእህቴ ልጅ ግራኝ ናት። በርጩማው ላይ ቆማ ሳህኑን በሚቀናት እጅ ይዛልኝ፣ እኔም የጣቶቹን ጥላ ስከታተል እጁ የየትኛው ወገን እንደ ሆነ ሳላስተውል ከአንድ ወር በላይ አሳለፍሁ።

«እኔ ለሰው በግራ እጄ ምግብ ሰጥቼ አላውቅም፣ ወላሂ» አሉ እትዬ፤ ተቆጥተው አይደለም፣ አዝነው ነው። እናቴም ወዲያው፣ «እውነቷን ነው፣ ነውር ነው፤ እኔስ በግራ የሰጡኝን እቀበላለሁ?» ብላ ከእርሳቸው ጎን ቆመች። በዓይን ቁጥር ያልተስማሙት ሁለት ሴቶች በእጅ ጉዳይ አንድ ሆነው መጡብኝ። የእህቴ ልጅ ብቻ ከበርጩማዋ ላይ ሆና አኩርፋ ትመለከተኝ ነበር።

ሚያዝያ 20 ቀን፣ ሰኞ

እጁን መልሼ ልሥለው ነው። ሁለት መንገድ ነበረኝ፤ በላዩ ላይ መቀባት ወይም መፋቅ። በላዩ ብቀባ የድሮዎቹ ጣቶች ወፍራም የቀለም ጠርዝ ከሥር ጎልቶ በጎን ብርሃን ይታያል። ስለዚህ ወፍራም ወፍራሙን በምላጭ ልጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት በጥንቃቄ አለሰለስሁት። የቆዳው ጥላ የተሠራበት የአፈር ቀለም ቶሎ ስለሚደርቅ ጠንክሮ ነበር፤ ነጩ የበዛበት የጣቶቹ ጀርባ ግን ገና ለስላሳ ሆኖ በምላጩ ላይ ተጠቀለለ።

በዚህ ጊዜ ሞዴሏ ራሳቸው እትዬ ሆኑ። ጾሙ አልቋልና ሳላፍር ጠየቅኋቸው፤ ባዶ ሳህን ይዘው አሥራ አምስት ደቂቃ በግንቡ ማዶ ቆሙልኝ፣ እናቴ ወዲህ ሆና ወሬ አያያዘቻቸው። የእውነተኛው እጅ ከገመትሁት የተለየ ነው። ልጅቷ ሳህኑን ጨብጣ ነበር፤ እርሳቸው ግን አይጨብጡትም፣ በአራት ጣታቸው ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን ብቻ ይነኩታል፣ ተቀባዩ ከነካው ወዲያው ለመልቀቅ በሚመች አኳኋን። ከዘይቱ የተነሣ የጠቋሚ ጣታቸው ጫፍ ላይ ያረጀ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ሣልሁት።

ግንቦት 9 ቀን፣ ቅዳሜ

አዲሱ እጅ ሲነካ አይጣበቅም። ቫርኒሽ ግን ዘይቱ እስከ ውስጡ እስኪደርቅ ድረስ አይቀባም፤ ከኅዳር በፊት አላስበውም። እስከዚያው ድረስ የተልባ ዘይት ጨለማ ቦታ ከዋለ ስለሚበጫጭ ብርሃን ያለበት ክፍል ውስጥ መሰቀል አለበት።

የት ይሰቀል የሚለው ጉዳይ ሌላ ክርክር አስነሣ። እኔ ብርሃን ያለበት የምሥራቁ ግድግዳ ይሻላል ብዬ ነበር፤ እናቴ እዚያ ሥዕለ አድኅኖ ስላለ፣ «እኔ ከእመቤታችን ጎን ልሰቀል? በይ ተይኝ» አለች። በበሩ ጎን፣ ወደ ግንቡ በሚያየው መስኮት አጠገብ ተሰቀለ። እትዬ በግንቡ ላይ ጎንበስ ሲሉ በመስኮቱ በኩል እጃቸውን ያያሉ።

የፋቅሁት እጅ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ጠዋት ፀሐይ በጎን ስትገባ፣ ከሳህኑ በስተቀኝ አንድ አውራ ጣት በደብዛዛው ይወጣል፤ ዘይት ቀለም ባረጀ ቁጥር ብርሃን ማሳለፉ ስለሚጨምር ከዓመታት በኋላ ይበልጥ ይታይ ይሆናል። እንደገና ልሸፍነው ብሩሽ አንሥቼ ነበር። የእህቴ ልጅ በርጩማዋን አምጥታ ሥዕሉ ፊት ቆመች፤ ጣቷን ሳታስነካ አስጠግታ፣ «የኔ እዚህ ጋ ነው» አለችኝ፤ ብሩሹን አጠብሁት።